«ቤትህ በልተህ ና» ላሉን ጸሐፊ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር ነበር። ለእኔም ሦስት ሰዎች ላኩልኝ። ሁለቱ «ይሄ አንተን ነው የሚመለከተው» ብለውበታል። ሦስተኛዋ ምንም አልጻፈችም፤ የሚስቅ ፊት ብቻ። ይቺ ሦስተኛዋ ከታች ደጋግማ የምትመጣው ጓደኛዬ ናት።

ጽሑፉን ላላነበበ ባጭሩ ልንገር። ጸሐፊው ከጓደኞቻቸው ጋር እራት ሊበሉ ይወጣሉ። አንዱ ወተት አይነካም። አንዷ ሥጋ አትበላም። ሌላው ስንዴ አይችልም። ለአንዱ የተመቸው ለሌላው አልሆን አለ፤ ምሽቱ ሜኑ ሲገለበጥ አለቀ። ጸሐፊው ተናደው ቤታቸው ገቡና ስድስት ምክር ጻፉልን። ገደብ ያለበት ሰው ቤቱ በልቶ ይምጣ። ትንሽ ነገር አይገድልም። ሁለት ገደብ ከተጋጨ የከበደው ይቅደም። ሜኑው ረጅም የሆነ ቤት ይመረጥ። አስተናጋጁ ይጠየቅና ይታመን። ሂሳብ እኩል ይካፈል።

ንዴታቸው ይገባኛል። ተርቦ ሜኑ ማገላበጥ ማንንም ያናድዳል። ምክሮቹ ግን ከሌላኛው ወንበር የተጻፉ አይደሉም። እኔ የተቀመጥኩት እዚያ ነው፤ ስለዚህ እንደ ቅደም ተከተላቸው ልመልስ።

መጀመሪያ ማን እንደሆንን ይታወቅ። እኔ ሴሊያክ አለብኝ። ስንዴ፣ ገብስና ራይ የሚባለው እህል ውስጥ ግሉተን የሚባል ፕሮቲን አለ። እሱ ሲገባብኝ ሰውነቴ ተነስቶ የራሴን ትንሹን አንጀት ያጠቃል። ጓደኛዬ ደግሞ ከእንስሳ የተገኘ ነገር አትበላም፤ ሥጋም፣ ወተትም፣ እንቁላልም። ይሄ የእሷ አቋም ነው። በዚያ ላይ ካሹ የሚባለው የዛፍ ፍሬ አለርጂ አለባት፤ ይሄ ደግሞ አቋም አይደለም። ካሹ ያልተስማማው ሰው ብዙ ጊዜ ፒስታችዮም አይስማማውም፤ ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው። እሷም ሁለቱንም አትነካም።

እንግዲህ የጸሐፊው ቅዠት እኔና እሷ ነን። ሆኖም ለዓመታት አብረን ስንበላ ኖረናል።

ወደ መጀመሪያው ምክር። «ገደብ ያለበት ሰው ቤቱ በልቶ ይምጣ፤ እዚያ የሚጠጣ ነገር ይያዝ፤ ዋናው ጨዋታው ነው።»

ሞክሬዋለሁ። ጠግቤ ሄጄ፣ ውሃ ይዤ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ሰው «ምነው አትበላም?» አለኝ። አስረዳሁ። ዘግይቶ የመጣው እንደገና ጠየቀኝ። እንደገና አስረዳሁ። አስተናጋጁ ሁለት ጊዜ መጥቶ «እርስዎስ?» አለኝ። አንዷ ደግሞ አዘነችልኝና እሷም መብላት አቆመች። ምግቡ እስኪነሳ የምሽቱ ርዕስ የእኔ አንጀት ሆኖ ቀረ። ጸሐፊው ሊሸሹት የፈለጉት ነገር ይሄው ነበር እኮ! ባዶ ሳህን ከሞላ ሳህን ይልቅ ብዙ ያስወራል።

ትልቅ ድግስ ሲሆን ግን እኔም በልቼ ነው የምሄደው። እዚያ ደጋሹ መቶ ሰው አለበት። አራት ሆነን ስንቀጣጠር ግን ከአራቱ አንዱ እኔ ነኝ። አራተኛውን «አንተ ተመልከት» ማለት ግብዣ አይባልም።

ሁለተኛው ምክር ላይ ትንሽ ልቆይ፤ አደገኛው እሱ ነውና። ጸሐፊው «ግማሹ ፋሽን ነው፤ ትንሽ ነገር ደግሞ አይገድልም» ብለዋል።

ፋሽኑን ልመንላቸው። ሐኪም ሳያይ ግሉተን ያቆመ ሰው ሞልቷል። አንዳንዱ ዳቦ አይበላም፤ ኬክ ሲመጣ ግን «ዛሬ ብቻ» ይላል። ይሄ ሰው ለእኔ ወዳጅም ጠላትም ነው። ወዳጅነቱ፣ እሱ ባይኖር ሜኑ ላይ «ግሉተን የሌለው» የሚል ጽሑፍ ማየቴ ያጠራጥራል። ጠላትነቱ ደግሞ «ዛሬ ብቻ» ሲል ያየው አስተናጋጅ እኔንም እንደዚያው መቁጠሩ ነው። በሽታው ግን የትናንት አይደለም። ከ100 ሰው አንዱ ገደማ አለበት፤ ብዙው አያውቀውም። ጥፋተኛው ስንዴ መሆኑን ዊለም ዲከ የሚባል የሆላንድ የሕፃናት ሐኪም በዶክትሬት ጽሑፉ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። በ1950 የተጀመረ ፋሽን እስካሁን ካላለፈበት፣ በቃ ፋሽን አይደለም።

«ትንሽ» የሚለው ቃልስ? እሱ መልስ የሚኖረው «የምን ትንሽ?» ተብሎ ሲጠየቅ ነው። ወተትን እንውሰድ። «ወተት አልችልም» የሚሉ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ቢቀመጡ ችግራቸው ፈጽሞ የተለያየ ሊሆን ይችላል። አንደኛው ላክቶስ የሚባለውን የወተት ስኳር የሚፈጭለት ኢንዛይም አንሶታል። ይሄ በሽታ ለመባል እንኳ ይከብዳል። ከዓለም አዋቂዎች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ላክቶስ በደንብ አይፈጭላቸውም። ብዙዎቹም 12 ግራም ያህል፣ ማለትም አንድ ብርጭቆ ወተት ውስጥ ያለውን፣ ያለ ብዙ ችግር ይችሉታል። ለእነሱ የጸሐፊው ምክር ልክ ነው፤ ትንሽ አይገድልም፣ ቢበዛ ሆድ ይነፋል። ሁለተኛው ሰው ግን የወተት ፕሮቲን አለርጂ አለበት። ለእሱ አንድ ማንኪያ ሆስፒታል ሊያስገባው ይችላል። ሁለቱም የሚሉት ያው «ወተት አልችልም» ነው። ጸሐፊው እራት ላይ የነበረው ሰው የትኛው እንደሆነ አልነገሩንም። የጠየቁትም አይመስለኝም።

የእኔም ትንሽ ተለክቷል። እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣ አንድ ጥናት፣ ሴሊያክ ያለባቸው ሰዎች በቀን 50 ሚሊ ግራም ግሉተን ለሦስት ወር ሲወስዱ አንጀታቸው ተጎድቶ ተገኝቷል። 50 ሚሊ ግራም ማለት የዳቦ ፍርፋሪ ነው። «ግሉተን የሌለው» ተብሎ እንዲጻፍበት የሚፈቀደውም በኪሎ ከ20 ሚሊ ግራም ያልበለጠ ምግብ ነው፤ በአውሮፓም በአሜሪካም እንደዚያው ነው። ክፋቱ ደግሞ አንዳንዱ ሴሊያክ ሲጎዳ ምንም አይሰማውም። አልታመመምና የተረፈ ይመስለዋል።

እዚህ ላይ አንድ ተረት አለ። «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» ይባላል። ብቅል ከገብስ ከሆነ እኔ ሆድ ውስጥ የሚያወጣው ምሥጢር አይደለም፤ ሌላ ነገር ነው። እለፉት።

ጸሐፊው እዚሁ ላይ «እሳት ሁሉን ያጠራል፤ የበሰለ ነገር ምን ያደርጋል?» ያሉትም አለ። እሳት ጀርም ይገድላል። ግሉተን ጀርም አይደለም፤ አይሞትም። ዳቦ ራሱ በእሳት ያለፈ ነገር አይደለም እንዴ? የእጅ ማጽጃ አልኮልም እንደዚሁ ነው፤ የኦቾሎኒ ፕሮቲንን ከእጅ አያነሳም። ሳሙናና ውሃ ነው የሚያነሳው።

«ለክፉም ለደጉም መድኃኒት ይያዙ» ብለው ዘግተውታል። ጓደኛዬ ቦርሳዋ ውስጥ ሁለት የአድሬናሊን መርፌ ይዛ ነው የምትዞረው። አለርጂው ከባድ ሆኖ ከመጣ መጀመሪያ የሚወጋው ጭን ላይ እሱ ነው፤ የማሳከክ ኪኒን አይተካውም። ከተወጋችም በኋላ ሆስፒታል መሄድ አለባት፤ ምልክቱ ከሰዓታት በኋላ ሊመለስ ይችላል። መርፌው የመኪና ቀበቶ ነው በሉት። ቀበቶ ታጥቄያለሁ ብሎ ግድግዳ የሚገጭ የለም።

አሁን ሦስተኛው ምክር። ሁለት ገደቦች ሲጋጩ «የከበደው ይቅደም። ሕመም ምርጫን ይበልጣል።»

በዚህ ሚዛን እኔ ሁልጊዜ አሸናፊ ነኝ። ጓደኛዬ ስለ ካሹው ታሸንፋለች፤ ስለ ሥጋውና ስለ ወተቱ ትሸነፋለች። በጸሐፊው ሕግ እኔ ሥጋ ቤት እመርጣለሁ፣ እሷ ሰላጣ ታኝካለች። ደስ የሚል እራት!

ክብደት የሚጠቅመው ማን ይብላ የሚለውን ለመወሰን አይደለም። ጥንቃቄው የት ላይ ይብዛ የሚለውን ለመወሰን ነው። ሾርባው ውስጥ ሳታውቅ የሥጋ መረቅ ቢገባባት ሐኪም አያስፈልጋትም። የጋበዛትን ሰው ግን ሁለተኛ አታምነውም። የእኔ አንጀት ይድናል፤ ያ ግን ላይድን ይችላል። ታዲያ የትኛው ነው የከበደው? በእምነቱ ምክንያት የማይበላን ሰውም አስቡት። እሱን ደግሞ በየትኛው ኪሎ ነው የምንመዝነው?

ዋናው ስህተት ግን ከዚህ ይጠልቃል። ጸሐፊው ገደቦቹ የሚጋጩት እህሉ ላይ ነው ብለው አስበዋል። እስቲ ቁጭ ብለን እንቁጠር። ግሉተን የለም፤ ከእንስሳ የመጣ የለም፤ ካሹና ፒስታችዮ የለም። ምን ቀረ? ሩዝ፣ በቆሎ፣ ድንች፣ ባቄላ፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ አኩሪ አተር፣ አትክልት በሙሉ፣ ፍራፍሬ በሙሉ፣ ሰሊጥ፣ ዘይት፣ ቅመም። ይሄ ዓለም የሚበላው ምግብ ነው፤ ረሃብ አይደለም።

ታዲያ ምግብ ቤት ስንገባ ለምን አጣን? መልሱን ያገኘነው አንድ ማታ ተዋርደን ነው።

ከእንስሳ የተገኘ ነገር ወደማይሠራበት ቤት ሄድን። እሷ ደስ ብሏታል፤ «እዚህ ሜኑ አላነብም» አለች። እኔ ማንበብ ጀመርኩ። ሥጋ መሳዩ ጥብስ ከምን ነው የሚሠራው? ከስንዴ ግሉተን። ትንሽ ነካ ያለው እንዳይመስላችሁ፤ ራሱ ግሉተን ነው፣ ዱቄቱ ታጥቦ እሱ ብቻ የቀረ። ሌላውን ገጽ ገለጥኩ። ሶያ ሶስ አለው፤ ሶያ ሶስ ሲሠራ አብዛኛውን ጊዜ ስንዴ ይገባበታል። ይሄኔ እሷም ዝም አለች። አይብ መሳዩ ካሹ ነው። ክሬሙ ካሹ ነው። ጣፋጩም ካሹ ነው። «የተጠበሰ ድንች እንብላ» ተባባልን። ዘይቱ የዳቦ ፍርፋሪ የተነሰነሰበት ነገር የተጠበሰበት ነው። ሁለት ሰው ተያይተን ሳቅን። ሎሚ የተጨመቀበት ውሃ ጠጥተን ወጣን።

በሌላ ቀን ደግሞ ግሉተን ወደሌለበት ዳቦ ቤት ወሰድኳት። እኔ እንደ ልጅ ቦረቅኩ። እሷ ግን እንቁላል፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ቅቤ እያለች ዳቦው የተደረደረበትን መስታወት ከዳር እስከ ዳር አየችው። ግሉተኑ ሲወጣ ሊጡን የሚይዘው ነገር ያስፈልጋል፤ እንቁላል ይገባል። ዱቄቱም ብዙ ጊዜ የአልመንድ ነው። አልመንድ ችግሯ ባይሆንም የሚፈጭበት መፍጫ ካሹም ይፈጭበት ይሆናል፤ ስለዚህ አትነካውም።

ነገሩ ያኔ ገባን። የምንጋጨው በምግቡ አይደለም፤ በምትኩ ነው። ሥጋ ሲወጣ ግሉተን ይተካል። ወተት ሲወጣ ካሹ ይተካል። ስንዴ ሲወጣ እንቁላልና አልመንድ ይተካል። ለአንዱ ታስቦ የተሠራው ምትክ ሌላው የሚሸሸው ነገር ነው። ለእኔ ብቻ የቆመ ቤት እሷን ያስወጣል፤ ለእሷ ብቻ የቆመ ቤት እኔን። ስለዚህ መፈለግ ያለበት ምትክ የሌለበት ምግብ ነው። ድሮውንም እንዲሁ የሚሠራ፣ ምንንም ለመምሰል የማይሞክር። ምስር ምስር የሆነበት፣ ሩዝ ሩዝ የሆነበት። ከዚያ ወዲህ «ለእንዲህ ያለ ሰው» ተብሎ የተለየ ገጽ ያለውን ሜኑ ሳይሆን ተራውን ገጽ ነው የምናነበው። ይሄ አንድ ለውጥ ከጸሐፊው ስድስት ምክሮች የበለጠ እራት አብልቶናል።

አራተኛው ምክር ከዚሁ ጋር ይያያዛል። «ሜኑው ረጅም ከሆነ ለሁሉም የሚሆን አይጠፋም።»

ወረቀቱ ላይ አይጠፋም። ወጥ ቤቱ ውስጥ ግን 120 ዓይነት ምግብ ማለት 120 ዓይነት ነገር አንድ መክተፊያ፣ አንድ መጥበሻና አንድ ጭልፋ ሲጋራ ማለት ነው። ዱቄት ይበናል። ማንኪያ ከድስት ድስት ይዘላል። ረጅም ሜኑ ላይ ደግሞ ብዙው ሶስ ተዘጋጅቶ፣ ታሽጎ የመጣ ነው፤ ምን እንዳለበት አብሳዩም አያውቅም። እኔ የምወደው አሥር ምግብ ብቻ ያለበትን ቤት ነው። እዚያ አብሳዩን «ይሄ ውስጥ ምን ገባ?» ብትሉት ከራሱ ይነግራችኋል፤ ጠዋት እሱ ነው የሠራው።

አምስተኛው ላይ፣ አስተናጋጅ መጠየቅን በተመለከተ፣ በግማሹ እስማማለሁ። መጠየቅ አለበት። እንዴትና መቼ የሚለው ነው የቀረው። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ቤቱ ሞልቶ፣ ሦስት ሳህን ክንዱ ላይ የደረደረ ልጅን «ግሉተን አለው?» ብትሉት «የለውም» ይላችኋል። ውሸታም ሆኖ አይደለም። «የለውም» የሚለው መልስ ቶሎ ስለሚያልቅ ነው። ቃሉንም ላያውቀው ይችላል።

እኛ የምናደርገው እንዲህ ነው። አንድ ቀን ቀደም ብለን እንደውላለን፤ ምሳ አልፎ እራት ሳይደርስ ባለው ሰዓት። ወጥ ቤት የሚሠራ ሰው እንዲያናግረን እንጠይቃለን። «አለው ወይ?» አንልም። «በምን ትጠብሱታላችሁ? ዘይቱ ውስጥ ሌላ ምን ይጠበሳል? ሾርባው በምን ውሃ ነው የሚነሳው? የሚያጠነክረው ዱቄት ነው?» እንላለን። አዎ ወይም አይደለም በሚል የማይመለስ ጥያቄ ከሆነ ሰውየው ያስባል። ሲያስብ ደግሞ የረሳው ነገር ትዝ ይለዋል። «ቆይ፣ ቆይ፣ እሱ ላይ ዱቄት እንነሰንሳለን» ያለኝን ሰው መቼም አልረሳውም።

የምንፈልገውንም ለይተን እንናገራለን። የእኔ፦ መጥበሻውና መክተፊያው ታጥቦ፤ ዱቄት እንዳይነካው። የእሷ፦ ከእንስሳ ምንም፤ ካሹ ደግሞ በእጅም እንዳይነካው። ሁለቱን ደባልቀን «ብዙ ነገር አንበላም» ካልን ሰው የሚሰማው ብዛቱን ብቻ ነው።

ሕግም አለ። የአውሮፓ ኅብረት ከታኅሣሥ 2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ምግብ ቤቶች ሳይቀሩ 14 ዓይነት አለርጂ አምጪዎችን ለበላተኛ እንዲያሳውቁ ያስገድዳል። ሰሊጥም ሰናፍጭም ዝርዝሩ ውስጥ አሉ። አሜሪካ ሰሊጥን ዘጠነኛ አድርጋ የጨመረችው በጥር 2023 እ.ኤ.አ. ነው፤ የእሷ ሕግ የታሸገ ምግብ ላይ ነው የሚሠራው። ከዚያ የመጣውን ጉድ ስሙ። አንዳንድ ዳቦ አምራቾች ማሽናቸውን ከሰሊጥ ከማጽዳት ይልቅ ሆን ብለው ዳቦው ላይ ሰሊጥ ጨመሩና «ሰሊጥ አለው» ብለው ጻፉ። ሕጉ ተከበረ፤ ሰሊጥ የማይችለው ሰው ዳቦውን አጣ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈውና ወጥ ቤቱ ውስጥ ያለው ሁለት ነገር ነው የምለው ለዚህ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ የምናገኘው መልስ «አንችልም» ነው። ባለፈው ወር የደወልኩለት ቤት አብሳይ፣ «ወንድሜ፣ እዚህ ዱቄት ያልነካው ቦታ የለም፤ አትምጡ» አለኝ። አመሰገንኩት። ከአሥር «ችግር የለም» የእሱ አንድ «አትምጡ» ይሻለኛል።

ጸሐፊው ያልነኩት፣ ለእሳቸው ግን የሚያደላ አንድ ነገር ልናገር። የማይታረቅ ጊዜም አለ። አንዳንዴ ሦስተኛ ጓደኛችን ትመጣለች። አንጀቷ ይቆጣል፤ ሐኪሟ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ምስርና ባቄላ ለጊዜው አስቁሟታል። እኔና ጓደኛዬ የምንድነው ደግሞ በምስርና በባቄላ ነው። ሽንኩርት የሌለበት ሾርባ የሚሠራ ቤት ፈልጉ እስቲ! ሦስታችን ስንሆን እራት አንቀጣጠርም። እንራመዳለን፤ ወይ አንዳችን ቤት ተሰብስበን እያንዳንዳችን የራሳችንን ይዘን እንመጣለን። ይሄ ሽንፈት ሆኖ አይሰማንም። ግን ተነጋግረን፣ አስቀድመን የወሰንነው ነው። «አንቺ ቅሪ» ተብሎ አይደለም።

የቀረው ሂሳብ ነው። እኩል ይካፈል ብለዋል። አንዱ ሦስት ሳህን በልቶ ሌላው ሩዝ ብቻ ከበላ እኩል አይሆንም፤ ይሄ ብዙ አያከራክርም። እኔና ጓደኛዬ ተራ በተራ ነው የምንከፍለው። ባለፈው እኔ ከፍያለሁ። ዓርብ ተራው የእሷ ነው። የምደውለው ግን እኔ ነኝ፤ እሷ አብሳይ ሲቆጣ ስልኩን ትዘጋለች።